ስካይፕ ሲዘጋ ማኅበራችን የት ገባ? (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የኢንተርኔት መደወያውን ስካይፕን እንደሚዘጋ አሳወቀ። የመዝጊያው ቀን ሚያዝያ 27 ነበር፤ በፈረንጆቹ ሜይ 5 ቀን 2025 ማለት ነው። ዜናውን የሰማ ብዙ ሰው “ስካይፕ እስካሁን አለ እንዴ?” ነበር ያለው። አዎ፣ ነበረ። እኛ ዘንድ ነበረ።

የዘመድ ማኅበራችን ከ10 ዓመት በላይ የተሰበሰበው እዚያ ነው። አሁን በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ቤት መፈለግ ሊኖርብን ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር። አንድ መተግበሪያ ይወርዳል፣ ሊንክ ይላካል፣ አለቀ። አላለቀም። ጭራሽ በፍለጋው መሃል አንዲት እህታችንን ስድስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያለ ጥፋቷ ስንቀጣት እንደኖርን ታወቀ።

ማኅበር፣ እድር ወይም የድሮ ክፍል ጓደኞች ስብስብ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ነገር ስለሚገጥመው ጉዳዩን ከነዝርዝሩ አስቀምጠዋለሁ። የማንንም ስም አልጠራም። እኔ በወቅቱ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ። ቅጣቱን የምጽፈውም እኔው ነበርኩ።

ማኅበሩ

27 ነን። 12ቱ አዲስ አበባ፣ 4ቱ ደብረ ብርሃን፣ 7ቱ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ፣ 3ቱ ፍራንክፈርት፣ አንዷ ዱባይ። ሁላችንም የአንድ አያት ልጆችና የልጅ ልጆች ነን። ወርሃዊ መዋጮ አለ። ሰው ሲታመም፣ ሲሞት፣ ልጅ ሲዳር ገንዘቡ ይወጣል። ለበዓል ደግሞ ደብረ ብርሃን ላሉት ታላላቆቻችን ይላካል።

ስብሰባው በፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያው እሑድ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ምሽት 2 ሰዓት ነው። ሰዓቱ የተመረጠው ለአሜሪካኖቹ ተብሎ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ምሳ ሊቀርቡ ሲሉ ይደርስላቸዋል። ዱባይ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል።

አንድ ጠንካራ ደንብ አለን። ያልተገኘ 50 ብር ይቀጣል። ያስፈቀደም ይቀጣል። ደንቡን ያወጡት የቀድሞው ሰብሳቢያችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ “ፈቃድ ከተጀመረ ማኅበር የለም” ይሉ ነበር። ልክ ነበሩ። ይህ ደንብ ባይኖር ኖሮ ከሁለት ዓመት አናልፍም ነበር።

ስካይፕ ሦስት ነገር ይሰጠን ነበር። አንደኛ፣ ሁላችንም አንድ ላይ እናወራለን። ሁለተኛ፣ ቃለ ጉባኤውና የመዋጮ ደረሰኙ እዚያው በጽሑፍ ይቀመጣል። ሦስተኛው ሲጠፋ ነው ዋጋው የገባን። ስካይፕ ሂሳብ ከተሞላለት ወደ ተራ ስልክ ይደውላል። ደብረ ብርሃን ያሉት እማማ በባለ ቁልፍ ስልካቸው የሚገቡት በዚህ ነበር። ሰብሳቢው ከሜሪላንድ ይደውላሉ፣ እማማ ያነሳሉ፣ ስብሰባ ውስጥ ናቸው። ኢንተርኔት የሚባል ነገር ሳይነኩ።

ጎን ለጎን የዋትሳፕ ግሩፕ ነበረን። እሱ ለፎቶ፣ ለ“እንኳን አደረሳችሁ” እና ለ10 ሰው ካልተላለፈ መቅሰፍት ለሚያመጣው መልእክት ነበር። ቁም ነገር አይጻፍበትም።

ከመምረጥ በፊት መጠየቅ

ዜናው በተሰማ ማግስት ሁሉም የየራሱን መተግበሪያ ይዞ ብቅ አለ። የአዲስ አበባው ወገን ቴሌግራም አለ። ወጣቶቹ ዲስኮርድ አሉ። ፍራንክፈርት ያለው የአጎቴ ልጅ የራሳችን ሰርቨር (መልእክቱ የሚያልፍበትና የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) እንትከል አለ። አሜሪካ ያሉት ዙም ሲሉ፣ አንዱ “የምን ጣጣ ነው፣ ዋትሳፕ አለ አይደል?” አለ።

ሶፍትዌር የምትሠራ የእህቴ ልጅ አለች። የሁሉንም ሰማችና “አጎቴ፣ መተግበሪያውን ተወውና መጀመሪያ ሰዎቹን ጠይቅ” አለችኝ። አምስት ጥያቄም ጽፋ ሰጠችኝ። ስልክህ ምንድን ነው? ስንት ጊጋ ቦታ ቀርቶታል? ኢንተርኔት በምን ትገባለህ፣ በዋይፋይ ወይስ በፓኬጅ? ኢሜይልህንና የይለፍ ቃልህን ታውቀዋለህ? ስካይፕ ላይ ምን ያስቸግርህ ነበር?

አንድ ሳምንት ሙሉ እየደወልኩ ጠየቅኩ። በጣም የጠቀመን ሥራ ይህ ነው። ከ27ቱ 9ኙ የኢሜይላቸውን የይለፍ ቃል አያውቁትም። ስልኩን የገዛላቸው ልጅ ነው የከፈተላቸው። አራት ሰዎች ስልካቸው ሞልቶ አንድ ፎቶ ለማንሳት ሁለት ማጥፋት አለባቸው። አዲስ አበባ ካሉት 12 ሰዎች 8ቱ የሚገቡት በሞባይል ዳታ ነው።

ለዱባይዋ እህታችን በዋትሳፕ ጻፍኩላት። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ብዙ ቆየች። “እየጻፈች ነው” ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ኋላ ላይ የድምፅ መልእክት መጣ።

“ጋሼ፣ እዚህ እኮ ስካይፕ አይሠራም። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን ሠርቶልኝ አያውቅም።”

ለምን ሳትነግሪን ቀረሽ አልኳት።

“መጀመሪያ ጊዜ ተናግሬ ነበር። ‘ሥራ በዝቶባት ነው’ ተብሎ ተጻፈ። ደግሜ ብናገር ሰበብ መፍጠር ይመስልብኛል ብዬ ተውኩት። 50 ብር ደግሞ ምን አላት።”

መዝገቡን አውጥቼ ቆጠርኩ። የሄደችው ሰኔ 2011 ላይ ነው። 69 ስብሰባ፣ 69 ቅጣት፣ 3,450 ብር። ሁሉም በእኔ እጅ ጽሕፈት “አልተገኘችም” ይላል። አንድም ወር ሳታዛንፍ ከፍላለች። እኛ ደግሞ ዝምተኛ ናት እንል ነበር። አንዳንዱም “ዱባይ ገብታ ዘመድ ረሳች” ይል ነበር።

ነገሩ ሕግ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በኢንተርኔት የድምፅ ጥሪ መስጠት የሚችለው ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። ስካይፕ እዚያ ከተዘጋ ቆይቷል። በዋትሳፕም መጻፍና የድምፅ መልእክት መላክ ይቻላል፤ መደወል ግን አይቻልም። ይህ የታወቀ ነገር ነው። ዱባይ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከ26ታችን አንዳችንም አልጠየቅንም።

ከወጣቶቹ አንዱ ይህን ሲሰማ ወዲያው “ቪፒኤን ላስተምራት?” አለ፤ የተዘጋውን በሌላ አገር በኩል አዙሮ የሚያስገባው መተግበሪያ ነው። አይሆንም አልነው። ኤምሬትስ ውስጥ ቪፒኤንን ወንጀል ለመፈጸም የተጠቀመ ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ዲርሃም ይቀጣል። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራን ልጅ ለወር ስብሰባ ብለን እዚያ ውስጥ አንከታትም። ይህ ውሳኔ ግማሹን ዝርዝር በአንዴ ጠረገልን።

እጩዎቹ

ዋትሳፕን ሁሉም ያውቀዋል። ከእማማ በቀር ሁላችንም ስልክ ላይ አለ። ግሩፑ እስከ 1,024 ሰው ይይዛል፤ በአንድ ጥሪ እስከ 32 ሰው ይገባል። ለ27 ሰው በቂ ነው። የዱባይዋን ነገር ሳንሰማ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ጨርሰን እንነሳ ነበር። ለድምፅ ወደቀ፤ ለጽሑፍ ግን ቆየ።

ቴሌግራም ለጽሑፍ ከሁሉም ይመቻል፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ግሩፑን በርዕስ መከፋፈል ይቻላል። እስከ 2 ጊጋባይት ፋይል ይቀበላል። የግሩፕ የድምፅ ውይይትም አለው። ነገር ግን በጥሪ በኩል ዱባይ ላይ ከዋትሳፕ የተሻለ ዕድል የለውም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ያለነው 2015 ዓ.ም.ን አልረሳንም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ድረስ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ተገድበው ነበር። ያኔ ቴሌግራም ላይ የነበሩ እድሮች ልቅሶ መንገር አቅቷቸው ሲንከራተቱ አይተናል። ሌላም ነገር አለ። የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ) አይደለም፤ እኛ ደግሞ የባንክ ደረሰኝ የምንለዋወጥ ሰዎች ነን።

ሲግናል በምስጢር አጠባበቅ የሚታማ አይደለም። 27 ሰው ውስጥ ግን የጫነው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ፍራንክፈርት ያለው።

የእሱን ሐሳብ በቁም ነገር ሰምተነዋል። ማትሪክስ በሚባለው ክፍት ሥርዓት ላይ የሚሠራውን፣ ኤለመንት የሚባለውን መልእክት መላላኪያ በራሱ ሰርቨር ሊተክልልን ነበር። ማንም አይዘጋብንም፣ መዝገቡም የራሳችን ይሆናል። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ሰብሳቢው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ “አንተ የታመምክ ዕለት ማን ያስነሳዋል?” መልስ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

የቀሩት የስብሰባ መተግበሪያዎቹ ናቸው። ዙም በነፃ 100 ሰው ያስገባል፤ ግን 40 ደቂቃ ላይ ይቋረጣል። ጉግል ሚትና ቲምስ እንደዚሁ 100 ሰው፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲሆን 60 ደቂቃ። ሦስቱም ኤምሬትስ ውስጥ ከተፈቀዱት መካከል ናቸው። ማይክሮሶፍት የስካይፕን ሰዎች ወደ ነፃው ቲምስ ነበር የመራቸው፤ በድሮው አካውንት ሲገባ የቀድሞው ውይይትም አብሮ ይመጣል። ወደዚያ ለመሄድ በጣም አስበን ነበር። የመለሰን የስልክ ቦታ ጉዳይ ነው። ሚት ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ቀድሞ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ስልካቸው የሞላባቸው አራቱ ሰዎች ምንም ማጥፋት አላስፈለጋቸውም።

ሙከራ አንድ፦ ዲስኮርድ

ለወጣቶቹ ዕድል መስጠት ነበረብን። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠርተው ጨረሱት። “ቃለ ጉባኤ”፣ “መዋጮ”፣ “ልቅሶና ደስታ”፣ “ሳቅ” የሚባሉ የጽሑፍ ክፍሎች ከፈቱ። ከሥር ደግሞ “ሳሎን” የሚባል የድምፅ ክፍል። ሳሎኑን ወደድኩት። ስልክ አይጮህም። ክፍሉ ሁሌ ክፍት ነው፤ የፈለገ ይገባል፣ ማን እንዳለ ከውጭ ይታያል። ልክ እንደ ጎረቤት ደጃፍ።

መጋቢት 14 ቀን እሑድ ሞከርነው። ከ27 ሰው 11 ገባ። ቀሪው በር ላይ ቀረ። አካውንት በኢሜይል ሲከፈት የተላከውን መልእክት ከፍቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ኢሜይላቸውን የማያውቁ 9 ሰዎች እንዳሉ እያወቅን ነው የሄድንበት። ጥፋቱ የመተግበሪያው አልነበረም። መጠየቁን ጠይቀን መልሱን ሳንጠቀምበት ቀረን።

ደግሞም የድምፅ ክፍሉ ለዱባይዋ ይሠራላት እንደሆነ እንድትሞክር ላስገድዳት አልፈለግኩም። የተፈቀደ ዝርዝር ውስጥ የሌለን ነገር “ሞክሪው” ማለት ለእኔ ቀላል ነው።

ወጣቶቹ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። ዘጠኝ ናቸው፤ ማታ ማታ ይጫወታሉ፣ የቤት ሥራ ይጠያየቃሉ። አሜሪካ የተወለዱት አማርኛቸው የተሻሻለው እዚያ ሳሎን ውስጥ ነው ቢባል አልከራከርም።

ሙከራ ሁለት፦ ሚት

መጋቢት 28 የወሩ መደበኛ ስብሰባ ነበር። ስካይፕን ለመጠባበቂያ ይዘን በጉግል ሚት ገባን። 23 ሰው ተገኘ።

የዱባይዋ እህታችን ስትገባ ጥቁር ሳጥን ውስጥ የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ታየ። “ድምፄ ይሰማል?” አለች። 20 ሰው በአንድ ጊዜ “ይሰማል!” ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ሲደራረብ እሷ አልሰማችም። “ይሰማል ወይ?” ደግማ ጠየቀች። እንደገና ጮህን። በሦስተኛው እትዬ ከቨርጂኒያ “ዝም በሉ እንጂ፣ ልጅቷ ታውራ!” ብለው ገሠጹን። ከዚያ ለትንሽ ጊዜ ማንም አላወራም። እሷም አላወራችም።

ከዚያ በኋላ ችግሮቹ መጡ። ደብረ ብርሃን አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሦስት ሰዎች በየራሳቸው ስልክ፣ አንድ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ገቡ። የአንዱን ድምፅ የሌላው ስልክ እየወሰደ ፉጨት ሆነ። ጆሮ የሚበሳ ፉጨት። መንስኤውን እስክናገኝ 8 ደቂቃ ሄደ። መፍትሔው አንድ ቤት አንድ ስልክ ነበር።

ትልቁ ችግር ግን ሰላምታው ነው። ሦስት ጊዜ “እንዴት ናችሁ”፣ ልጆቹ፣ ጤናው፣ ዝናቡ፣ ኑሮው። ለ23 ሰው 26 ደቂቃ ፈጀ። ስካይፕ ላይ ይህ አይታወቅም ነበር፤ ሁለት ሰዓት ብንቀመጥ የሚያቋርጠን የለም። እዚህ ግን 55ኛው ደቂቃ ላይ ጊዜው ሊያልቅ መሆኑን የሚያስታውቅ መልእክት መጣ። ገና ሁለተኛው አጀንዳ ላይ ነበርን።

የእህቴ ልጅ የዳታውንም ነገር አስልታ ነበር። ድምፅ ብቻ ሲሆን በሰከንድ 32 ኪሎቢት ብንወስድ በሰዓት 14 ሜጋባይት ገደማ ነው። ካሜራ ተከፍቶ በሰከንድ 500 ኪሎቢት ቢሄድ 225 ሜጋባይት ይደርሳል። ለሜሪላንዱ ሰው ለውጥ የለውም። በፓኬጅ ለሚገባው ግን ልዩነቱ የሳምንት ዳታ ነው። ስለዚህ ካሜራ ተዘጋ። አዲስ የተወለደ ልጅ ለማሳየት ብቻ ይከፈታል።

የወሰንነው

ጽሑፉንና ድምፁን ለያየናቸው። እዚህ ለመድረስ አምስት ሳምንት ፈጅቶብናል። ሁላችንም ሁለቱንም የሚይዝ አንድ ቤት ነበር ስንፈልግ የነበረው፤ ስካይፕ ያስለመደን እሱን ነዋ።

ጽሑፉ ዋትሳፕ ላይ ገባ፣ በሁለት ግሩፕ። አንዱ እንደ ድሮው ለፎቶና ለወሬ። ሌላው ቃለ ጉባኤና ደረሰኝ ብቻ የሚለጠፍበት፤ መጻፍ የሚችሉት ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ናቸው። ሦስቱም በተለያየ አገር ያሉ ናቸው። አንድ አገር ላይ ኢንተርኔት ቢጠፋ ግሩፑ ጠባቂ አያጣም።

ድምፁ ሚት ላይ ሆነ። ሁለት ሊንክ አለን፤ አንዱን የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ፣ ሌላውን የአጎቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ከፍተዋል። የፍራንክፈርቱ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ለሰላምታ ይከፈታል። እንደ ዲስኮርዱ ሳሎን ነው፤ የፈለገ ቀድሞ ገብቶ ይጠያየቃል። 2 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወጥቶ ወደ ስብሰባው ሊንክ ይገባል። እዚያ ሰላምታ ክልክል ነው። “ጤና ይስጥልኝ” ብቻ ተፈቅዷል። አንዱ ሊንክ ቢያስቸግር ሌላው መጠባበቂያ ይሆናል።

ኢንተርኔት ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ በወረቀት የተጻፈ የስልክ ሰንሰለት አለ። እያንዳንዱ ሰው በተራ ስልክ ለሁለት ሰው ይደውላል። ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል።

የቅጣቱ ነገር በመጨረሻው የስካይፕ ስብሰባ፣ ሚያዝያ 26፣ ስካይፕ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ተነሳ። 3,450 ብሩ እንዲመለስላት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በማግስቱ በድምፅ መልእክት መለሰች። አልቀበልም፤ ለአያታችን ዝክር ይዋል አለች። ዋለ። እኔም የጸሐፊነቱን ደብተር ለማስረከብ ጠየቅኩ።

መዝገቡን ማውጣት

ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ግን ማንም እንዳይዘነጋው። ስካይፕ የውይይቱን ታሪክ ማውረድ ይፈቅድ ነበር፤ ከተዘጋም በኋላ እስከ ጃንዋሪ 2026 ጊዜ ሰጥቶ ነበር። የሚወርደው ግን እንደ ደብዳቤ የሚነበብ ነገር አይደለም። ጄሰን የሚባል፣ ለኮምፒውተር እንጂ ለሰው ያልተጻፈ ፋይል ነው። የእህቴ ልጅ ቃለ ጉባኤዎቹን ለቅማ አወጣች። የደረሰኝ ፎቶዎቹን ከየወራቸው ማዛመዱ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ዛሬ ሁሉም ታትሞ በክላሰር ተቀምጧል። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሜሪላንድ።

ያልተሳካው

እማማ። ወደ ተራ ስልክ የሚደውል ነፃ አማራጭ አላገኘንም። አንድ ያገለገለ ስማርት ስልክ ተገዛላቸው። ሁለት ቀን ይዘውት “ስነካው ይሸሻል” ብለው መለሱት። ቀጥሎ ባለ ቁልፉን ስልክ በድምፅ ማጉያ ከሌላ ስልክ አጠገብ አስቀመጥነው። እሳቸው የሚሰሙት ግማሹን ነው፤ እኛ የምንሰማው ደግሞ ዶሮውን። አሁን የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው ተቀምጦ በእሱ ስልክ ይገባሉ።

ይሠራል። እሳቸው ግን ቅር ብሏቸዋል። “ድሮ ለእኔ ነበር የሚደወለው። ስልኬ ይጮሃል፣ ስሜ ይጠራል። አሁን ልጁ ካልመጣ እኔም የለሁ” አሉኝ። ምንም ማለት አልቻልኩም። ልጁ ሁለት ጊዜ ቀርቷል። ሁለት ጊዜም እማማ አልነበሩም። በቅጣት አልተመዘገቡም።

ሌላ ማኅበር ሊወስደው የሚችለው

ለብዙኃኑ የሚመቸውን መምረጥ ፍትሐዊ ይመስላል። በድምፅ ብልጫ ቢሆን ኖሮ ቴሌግራም ያሸንፍ ነበር፤ የዱባይዋም 70ኛ ቅጣቷን ትከፍል ነበር። ምርጫው ከደካማው ስልክና ከጠባቡ አገር ይጀምር። ጠንካራው ስልክ ያለው የትም ይገባል።

ጥያቄውን አንድ በአንድ፣ ለብቻ ጠይቁ። ግሩፕ ላይ “ችግር ያለበት አለ?” ቢባል ማንም አይመልስም። ይሉኝታ አለ። ሰው ሁሉ ፊት “እኔ አልቻልኩም” የሚል ታላቅ ሰው አላየሁም።

በተደጋጋሚ የሚቀር ሰው ካለ ከቅጣቱ በፊት ሊንኩ ይታይ። እኔ በ69 ወር አንድ ቀን አላየሁም።

የነፃውን ገደብ ስታውቁ ከባህላችሁ ጋር አመዛዝኑት። 60 ደቂቃ ለጀርመን ስብሰባ ብዙ ነው። ለእኛ ሰላምታ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር በአንድ ቀን አትቀይሩ። እኛ ጽሑፉን በሚያዝያ፣ ድምፁን በግንቦት ነው ያዛወርነው። ግንቦት 24 ከሙከራው በኋላ የመጀመሪያው የሚት ስብሰባ ሲደረግ ሰው ሊንኩ የት እንደሚለጠፍ ለምዶ ነበር። 25 ሰው ተገኘ።

ሰዓቱ ደግሞ በካሌንደር ግብዣ ይላክ፤ ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ አገር ሰዓት ያሳየዋል። እኛ ኢሜይል የሚያይ የለም ብለን አልላክንም። የእህቴ ልጅ ቆንጆ ፖስተር ሠራች። የአራቱን አገር ሰዓት ጻፈችበት። ያንኑ ፖስተር በየወሩ እየደገምን ለጠፍን።

ጥቅምት 23

ጥቅምት 23 ቀን 2018 የወሩ ስብሰባ ነበር። ያን ዕለት ሌሊት አሜሪካ፣ በየዓመቱ እንደምታደርገው፣ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ፖስተሩ ለሜሪላንድ “ቀን 7 ሰዓት” ይላል። መሆን የነበረበት 6 ሰዓት ነው።

ሰባቱ አሜሪካኖች በሰዓታቸው ልክ ገቡ። እኛ ያን ጊዜ 58ኛው ደቂቃ ላይ ነን። ሰብሳቢው ራሳቸው ከነሱ ጋር ናቸው፤ ስብሰባውን ያለ እሳቸው ነበር የመራነው። “ጤና ይስጥልኝ፣ እንጀምር?” አሉ። ተሳቀ። መልስ ሳይሰጣቸው ጥሪው አለቀ።

ወዲያው በዋትሳፕ ክርክር ተነሳ። ጥፋቱ የፖስተሩ ነው፣ የመንግሥታቸው ነው፣ የጸሐፊው ነው ተባለ። ደብተሩ ከግንቦት ጀምሮ ዱባይ ነው። ቃለ ጉባኤው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ተለጠፈ። በመጨረሻው መስመር ላይ “ያልተገኙ፦ 7። ቅጣት፦ 350 ብር” ይላል። ከሥሩ በቅንፍ ደግሞ “ይግባኝ ያለው በድምፅ መልእክት ይላክልኝ” ብላበታለች።